ሃያ ልጅ ባለበት ክፍል አንዱ ልጅ አምስት ፐርሰንት ነው

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

አሜሪካ ውስጥ ከ13 ሺህ በላይ ስኩል ዲስትሪክት (የትምህርት ቤቶች አስተዳደር ወረዳ) አለ። ስማቸው የሚጠራው ትልልቆቹ ይሁኑ እንጂ አብዛኞቹ ሦስት ሺህ ተማሪ የማይሞላቸው ናቸው። የዚህ ወር ደብዳቤዎች የመጡት በእንደነዚህ ያሉ ትንንሽ ዲስትሪክቶች ልጆች ከሚያስተምሩ ወይም ወደዚያ ለመግባት ከሚያስቡ ወላጆች ነው። ሁሉም የሚጠይቁት ስለ ውጤትና ስለ ተማሪ ስብጥር ሪፖርት ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልን። የፎልስ ቸርች ትምህርት ቤቶች ውጤት ከፍተኛ ነው ሲባል ሰምተን ስካይላይን አካባቢ አፓርታማ ልንከራይ ነው። አድራሻው ፎልስ ቸርች፣ ቨርጂኒያ ይላል። ትልቋ ልጃችን ዘጠነኛ ክፍል ትገባለች። ሊዙን ከመፈረማችን በፊት ማወቅ ያለብን ነገር አለ? (ባልና ሚስት፣ ሰሜን ቨርጂኒያ)

መልስ፦ አለ። ፖስታ ቤት ፎልስ ቸርች የሚለው ሰፈርና ፎልስ ቸርች የምትባለው ከተማ አንድ አይደሉም። ከተማዋ ሁለት ስኩዌር ማይል ገደማ ብቻ ናት፤ በ2020 ቆጠራ ነዋሪዋ 14,658 ነበር። ቨርጂኒያ ውስጥ ከተማ ከካውንቲ ተለይቶ ራሱን የቻለ አስተዳደር ስለሆነ የራሷ ትምህርት ቤቶች አሏት። ስካይላይንና ቤይሊስ ክሮስሮድስ ግን ደብዳቤ በፎልስ ቸርች ስም ይድረሳቸው እንጂ ያሉት ፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ ነው። ልጃችሁም የምትመደበው በፌርፋክስ ትምህርት ቤት ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ሌላም ነገር አለ፦ ፎልስ ቸርች ሃይስኩል የሚባለው ራሱ የፌርፋክስ ነው! የከተማዋ ሃይስኩል ሜሪዲያን ይባላል፤ እስከ 2021 ድረስ ጆርጅ ሜሰን ነበር ስሙ።

ማጣሪያው ቀላል ነው። ባለቤቱን ወይም ኤጀንቱን «እዚህ የሚኖር ሰው የመኪና ታክስ የሚከፍለው ለማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ቨርጂኒያ ውስጥ የመኪና ታክስ የሚሰበስበው ከተማው ወይም ካውንቲው ነው፤ መልሱ ፌርፋክስ ከሆነ ትምህርት ቤቱም ፌርፋክስ ነው። ኤጀንት ስለ ትምህርት ቤት ሲጠየቅ ሊያድበሰብስ ይችል ይሆናል፣ ስለ ታክስ ግን ማንም ያውቃል። ከዚያ በፌርፋክስ ትምህርት ቤቶች ድረ ገጽ ላይ ባለው የአድራሻ መፈለጊያ የቤቱን ቁጥርና መንገዱን አስገብታችሁ አረጋግጡ፤ የተመደበላችሁን ኤለመንተሪ፣ ሚድልና ሃይስኩል በስም ያወጣላችኋል። አሌክሳንድሪያ የሚል አድራሻ ላይም ይኸው ችግር አለ፤ ብዙው ክፍል ፌርፋክስ ነው።

ፌርፋክስ መጥፎ ነው ማለታችን አይደለም። 180 ሺህ ገደማ ተማሪ ያለው ዲስትሪክት ስለሆነ የሚያሳስበው የአማካዩ ቁጥር አይደለም፤ የምትመደቡበት ትምህርት ቤት የትኛው መሆኑ ነው። በከተማዋ በኩል ግን ምርጫ የሚባል ነገር የለም፦ ከኬጂ እስከ 2ኛ ክፍል ማውንት ዳንኤል፣ ከ3ኛ እስከ 5ኛ ኦክ ስትሪት፣ ከ6ኛ እስከ 8ኛ ሜሪ ኤለን ሄንደርሰን፣ ከዚያ ሜሪዲያን። ሁሉም ልጅ በአንድ መስመር ያልፋል። ከተማዋ የቤተሰብ ገቢያቸው በአገሪቱ ከፍተኛ ከሆኑት ስፍራዎች አንዷ ናት፤ ከፍተኛው ውጤትም መጀመሪያ የሚነግራችሁ ይህንኑ ነው። ወደዚህ ነጥብ ከታች እንመለሳለን።

አንድ ነገር እንጨምር። ሊዙ በዘመድ ስም ሆኖ እናንተ በደባልነት የምትኖሩ ከሆነ ዲስትሪክቱ ዘመዳችሁ የሚፈርምበት የነዋሪነት ማረጋገጫ ይጠይቃል። ቤት ለመከራየት አቅም አጥቶ በዘመድ ቤት የተጠለለ ቤተሰብ ደግሞ ማኪኒ ቬንቶ በሚባለው የፌዴራል ሕግ ቋሚ መኖሪያ እንደሌለው ይቆጠራል። ልጁ ወረቀቱ ባይሟላም ወዲያው መመዝገብ አለበት። በሪፖርቱ የስብጥር ሠንጠረዥ ላይ «ቤት አልባ» በሚለው ረድፍ ከሚቆጠሩት ልጆች መካከል እንዲህ ያሉ አዲስ መጤ ቤተሰቦች አሉ፤ ስሙ ቢከብድም ለልጁ የሚያስገኘው መብት ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ የምትማርበት ዲስትሪክት በጣም ትንሽ ነው፤ ኤለመንተሪው አንድ ብቻ ነው። በአራተኛ ክፍል ሒሳብ ጥቁር ተማሪዎች ከሚለው ረድፍ አምና ከግማሽ በላይ አልፈው ዘንድሮ ከግማሽ በታች ሆነዋል። ወላጆች መምህሯ ትነሳ እያሉ ፊርማ እያሰባሰቡ ነው። ልፈርም? (እናት፣ ፔንሲልቬንያ)

መልስ፦ ፐርሰንቱን መጀመሪያ ወደ ልጅ ይመልሱት። ሪፖርቱ ላይ «የተፈተኑ» የሚል ዓምድ ይኖራል፤ በገጹ ላይ ካልታየ ከስቴቱ ትምህርት ቢሮ በሚወርደው ፋይል ውስጥ ይገኛል። ለምሳሌ አምና 19 ልጅ ተፈትኖ 11 አለፈ እንበል፤ 58 ፐርሰንት ነው። ዘንድሮ 17 ተፈትኖ 8 ቢያልፍ 47 ይሆናል። አስራ አንድ ነጥብ ወረደ ተብሎ ፊርማ ይሰበሰባል። ከ17ቱ ሁለት ልጆች ብቻ ተጨማሪ ቢያልፉ ኖሮ ግን 10 ከ17፣ 59 ፐርሰንት ነበር፤ እንዲያውም «ተሻሻለ» ይባል ነበር። ሁለት ልጅ ማለት አንዱ በፈተናው ቀን ያመመው፣ ሌላው በጥር ከሌላ ስቴት የመጣ ሊሆን ይችላል።

ሃያ ልጅ በማይሞላ ቡድን ውስጥ መምህሯም፣ መጽሐፉም፣ የልጆቹ ችሎታም ሳይለወጥ ፐርሰንቱ ከዓመት ዓመት እስከ ሃያ ነጥብ ሊዋዥቅ ይችላል። ቡድኑ ሁለት መቶ ልጅ ቢሆን ያው መዋዠቅ ወደ ስድስት ነጥብ ገደማ ይወርዳል። ስለዚህ የሦስት ዓመቱን ይደምሩ፤ ፐርሰንቶቹን ሳይሆን ልጆቹን። ከአምናው በፊት በነበረው ዓመት 22 ተፈትኖ 13 አልፎ ከሆነ በሦስቱ ዓመት 58 ተፈትኖ 32 አለፈ ማለት ነው፤ 55 ፐርሰንት። የዚያ ትምህርት ቤት እውነተኛ ቁጥር ወደዚህ ይቀርባል።

ሌላው ስሕተት የዘንድሮን አራተኛ ክፍል ከአምናው አራተኛ ክፍል ጋር ማወዳደር ነው። የተለያዩ ልጆች ናቸው። ሠንጠረዡን በሰያፍ ያንብቡት፦ የዛሬ ሁለት ዓመት 3ኛ ክፍል፣ አምና 4ኛ፣ ዘንድሮ 5ኛ። ተማሪ ብዙ በማይገባበትና በማይወጣበት ቦታ እነዚያው ልጆች ናቸው ማለት ይቻላል።

ቁጥር ሳይሆን ኮከብ ምልክት ያለበት ሳጥን ቢያጋጥምዎ ዲስትሪክቱ እየደበቀ አይደለም። በ1974 የወጣው የተማሪ ምስጢር ሕግ አንድ ልጅ ከሠንጠረዥ ተለይቶ እንዳይታወቅ ያስገድዳል። ስለዚህ ብዙ ስቴቶች ከ10 ልጅ በታች ያለውን ቡድን ይሸፍናሉ። አንዳንዴ 30 ልጅ ያለበት ሳጥንም ተሸፍኖ ይገኛል፤ እሱ ከታየ ከጠቅላላው ላይ በመቀነስ የትንሹን ቡድን ማግኘት ስለሚቻል ነው። ትምህርት ቤቱን ተጠያቂ ለማድረግ ደግሞ ስቴቱ የራሱን ዝቅተኛ ቁጥር ያስቀምጣል፤ አብዛኛው ጊዜ ከ10 እስከ 30 ባለው መካከል ነው። ከዚያ በታች ከሆነ ቡድኑ በሪፖርቱ ቢታይም በትምህርት ቤቱ ደረጃ አሰጣጥ ውስጥ አይቆጠርም። በትንሽ ዲስትሪክት የኛ ልጆች አለመማራቸው ለዓመታት ሳይታይ የሚያልፈው በዚህ ቀዳዳ ነው፤ እኔን የሚያሳስበኝ ከፐርሰንቱ ይልቅ ይኼ ነው።

ታዲያ ስጋት መቼ ነው የሚገባው? ውጤቱ ሦስት ዓመት በተከታታይ ከወረደ፣ ወይም በአንድ ዓመት በሁሉም ክፍልና በሁሉም ቡድን እኩል ከወረደ። ሁለተኛው ሲሆን መጀመሪያ ስቴቱ ፈተናውን ወይም የማለፊያ ነጥቡን ቀይሮ እንደሆነ ይጠይቁ። ፊርማውን አሁን አይፈርሙ። በምትኩ ርዕሰ መምህሩን ሦስት ነገር በኢሜል ይጠይቁ፦ የተፈተኑትና ያለፉት ልጆች ብዛት በሦስት ዓመት፣ በዓመቱ መካከል የገቡት ስንት እንደሆኑ፣ እና የሒሳብ መጽሐፉ ተቀይሮ እንደሆነ።

ጥያቄ፦ ቱኩዊላ ነው የምንኖረው፣ ሲያትል አጠገብ። በኢንተርኔት ላይ ትምህርት ቤቶቻችን ዝቅተኛ ደረጃ ነው የተሰጣቸው። ባለቤቴ ወደ ሌላ ዲስትሪክት ካልሄድን ይላል፤ ልጆቹ ደግሞ መምህራኖቻቸውን ይወዳሉ። አንዱ ልጄ እንግሊዝኛ እንደ ውሃ ይናገራል፣ ግን አምስት ዓመት ሙሉ ከኢኤስኤል (እንግሊዝኛ ገና ለሚማሩ ልጆች ከሚሰጠው ትምህርት) አልወጣም። (የሦስት ልጆች እናት፣ ዋሽንግተን ስቴት)

መልስ፦ ቱኩዊላ አምስት ትምህርት ቤት ብቻ ያለው ዲስትሪክት ነው፦ ሦስት ኤለመንተሪ፣ ሾዋልተር ሚድል ስኩልና ፎስተር ሃይስኩል። በ2009 ኒው ዮርክ ታይምስ ባወጣው ንጽጽር በአገሪቱ እጅግ የተሰባጠረ ዲስትሪክት ተብሎ ነበር። ከሶማሊያ፣ ከበርማ፣ ከኔፓልና ከኛም አገር የመጡ ልጆች ጎን ለጎን የሚቀመጡበት ቦታ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ «ደረጃውን ያሟሉ በመቶኛ» የሚለው ቁጥር ልጁ እስከ ፈተናው ቀን ድረስ ያጠራቀመውን ሁሉ ነው የሚለካው፤ ቤት ውስጥ ያለውን መጽሐፍ፣ የወላጅን ትምህርት፣ በስደት የባከነውን ዓመት ጭምር። ትምህርት ቤቱ የጨመረለትን ለይቶ አይነግርዎትም። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው ሾን ሪርደንና ባልደረቦቹ የመላ አገሪቱን ዲስትሪክቶች ውጤት በአንድ ሚዛን አስቀምጠው ሲያዩ አማካይ ውጤት ከቤተሰብ ገቢና ትምህርት ጋር በጣም ተያይዞ ተገኘ፤ ልጆች በየዓመቱ የሚያሳዩት እድገት ግን ከገቢ ጋር ያለው ዝምድና ደካማ ነው። ሀብታም ሆኖ ልጆቹ ቀስ እያሉ የሚያድጉበት ዲስትሪክት አለ፣ ድሃ ሆኖ የሚሮጡበትም አለ። መረጃው ለሕዝብ ክፍት ስለሆነ የዲስትሪክትዎን ስም አስገብተው ሁለቱን ቁጥር ለየብቻ ማየት ይችላሉ።

ዋሽንግተን ስቴትም በሪፖርት ካርዱ ላይ እድገትን ለብቻው ያወጣል። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ልጅዎ አምና ከእሱ ጋር ተመሳሳይ ውጤት ከነበራቸው የስቴቱ ልጆች ጋር ይወዳደራል። እድገቱ 62 ከሆነ ከነዚያ ልጆች 62 ፐርሰንቱን በልጧል ማለት ነው፤ ውጤቱ ራሱ ዝቅተኛ ቢሆንም። የትምህርት ቤቱ መካከለኛ ቁጥር 50 አካባቢ ከሆነ የተለመደ ነው፤ ከ60 በላይ ለዓመታት ከቆየ የሚመሰገን ነው፤ ከ40 በታች ከሆነ ግን ባለቤትዎ እውነት አላቸው። ልብ ይበሉ፣ ይህ ስሌት የሁለት ተከታታይ ዓመት ፈተና ይፈልጋል። ስለዚህ ትናንት የመጣ ልጅ አይገባበትም፤ ሦስተኛ ክፍልም የለበትም፣ የስቴቱ ፈተና የሚጀምረው እዚያ ስለሆነ።

እንግሊዝኛ ተማሪዎች የሚለው ረድፍ ሁሌም ዝቅ የሚለው ደግሞ በአቆጣጠሩ ምክንያት ነው። ልጁ ሲጎብዝ ከቡድኑ ይወጣል፣ በቦታው አዲስ መጤ ይገባል። የፌዴራሉ ሕግ የወጡትን ልጆች እስከ አራት ዓመት በቡድኑ ውስጥ ቆጥሮ ለመቀጠል ይፈቅዳል፤ አንዱ ስቴት ይህን ሲያደርግ ሌላው አያደርግም፤ ስለዚህ ሁለት ስቴት በዚህ ረድፍ አይወዳደርም። ዲስትሪክቱን «ከኢኤስኤል የወጡት ልጆች ውጤት ለብቻው ስንት ነው?» ብለው ይጠይቁ። ትክክለኛው ፍርድ እዚያ ነው።

ወደ ልጅዎ ስንመለስ፦ በየዓመቱ በብርዱ ወራት የሚሰጠው ዊዳ አክሰስ የሚባለው የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና አራት ክፍል አለው። በአጠቃላይ ውጤቱ ውስጥ ማዳመጥ 15፣ መናገር 15፣ ማንበብ 35፣ መጻፍ 35 ፐርሰንት ይይዛሉ። «እንደ ውሃ ይናገራል» ያሉት ክብደቱ 15 ነው። ከዓመት ዓመት የሚያስቀሩት ማንበብና መጻፍ ናቸው፤ በተለይ መጻፍ። ስለዚህ አጠቃላዩን ቁጥር ብቻ አይቀበሉ፤ የአራቱን ውጤት የያዘውን ወረቀት የሦስት ዓመት ይጠይቁና ጎን ለጎን ያስቀምጡት። መጻፉ ከ3 አካባቢ ሳይነቃነቅ ሦስት ዓመት ከቆየ ችግሩ ኢኤስኤል መኖሩ ሳይሆን በኢኤስኤል ሰዓት ምን እንደሚያስተምሩት ነው። መምህሩን ልጁ በሳምንት ስንት ጊዜ ከአንድ አንቀጽ በላይ እንደሚጽፍና ማን እንደሚያርምለት ይጠይቁ። አገልግሎቱን «አልፈልግም» ብሎ መፈረም መብትዎ ነው፤ ግን ልጁ እስኪያልፍ ድረስ በየዓመቱ መፈተኑ አይቀርም፣ የሚቀረው እርዳታው ብቻ ነው።

ስለ ኢንተርኔቱ ደረጃ፦ በቤት ሽያጭ ገጾች ላይ የሚታየው ከ1 እስከ 10 ያለው የግሬትስኩልስ ቁጥር ነው። ከሚገነባባቸው ነገሮች አንዱ የፈተና ውጤት ስለሆነ ሀብታም ሰፈርን ያጎላል። ጠቅ አድርገው ከፍተው የእድገቱን ክፍል ለብቻ ካላዩ በቀር ለቤት ዋጋ ነው የሚጠቅመው። ለመዛወር ከወሰኑ ደግሞ ቤት መቀየር ግዴታ አይደለም፤ ዋሽንግተን ውስጥ ከሚኖሩበት ዲስትሪክት የመልቀቂያ ፈቃድ ጠይቀው ጎረቤት ዲስትሪክት ቦታ ካለው ማስገባት ይቻላል። መጓጓዣው ግን በእርስዎ ነው።

ጥያቄ፦ በሪፖርቱ ውስጥ የኢትዮጵያውያን ልጆች ውጤት የት ነው የሚገኘው? ምዝገባ ላይስ የቤት ቋንቋ ሲጠይቁ እንግሊዝኛ ብሎ መጻፍ ይሻላል የሚሉ አሉ፤ ልክ ናቸው? (አባት፣ አሌክሳንድሪያ)

መልስ፦ ለብቻው የትም አይገኝም። የትምህርት ቤት ሪፖርት ሰባት ምድብ ነው ያለው፤ ልጆቻችን «ጥቁር ወይም አፍሪካን አሜሪካን» በሚለው ውስጥ ናቸው። በ2024 የፌዴራል መንግሥት ያወጣው አዲስ የዘር መጠይቅ መመሪያ በዚህ ምድብ ሥር ኢትዮጵያዊ የሚል ሳጥን ከሶማሌና ከናይጄሪያዊ ጋር አስቀምጧል፤ ወደየትምህርት ቤቱ ፎርም የሚወርደው ግን ቀስ እያለ ነው። ሳጥኑን ባዶ ቢተዉት ምዝገባው አይቆምም፤ የትምህርት ቤቱ ሠራተኛ አይቶ በግምት ይሞላልዎታል። እርስዎ ቢሞሉት ይሻላል።

እስከዚያው ልጆቻችን በቁጥር የሚታዩት በቋንቋ ነው፤ ስለዚህ ሁለተኛው ጥያቄዎ ከመጀመሪያው ይከብዳል። የቤት ቋንቋ መጠይቁ ሦስት አራት ጥያቄ ብቻ ነው፦ ልጁ መጀመሪያ የተናገረው፣ ቤት የሚናገረው፣ ወላጆች የሚናገሩት። እንግሊዝኛ ብለው ከጻፉ ልጁ አይፈተንም፤ እርዳታ ቢያስፈልገውም ማንም አያውቅም። አማርኛ ብለው ከጻፉ ደግሞ በቀጥታ ኢኤስኤል አይገባም፤ አጭር ፈተና ይወስዳል፣ ካለፈ አለቀ። ከገባ ትምህርት በተጀመረ በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ሊነገርዎት ይገባል፤ ከዚያ በኋላ የተመዘገበ ከሆነ በሁለት ሳምንት። ዲስትሪክቱ ለአማርኛ አስተርጓሚ የሚቀጥረው፣ ደብዳቤ የሚያስተረጉመው በዚሁ ቆጠራ ነው። የእርስዎ ከተማ አሌክሳንድሪያ መረጃ በአማርኛ የምታወጣው በመጠይቁ ላይ አማርኛ ብለው የጻፉ ወላጆች ስላሉ ነው። ቤት የሚነገረው ትግርኛ ወይም ኦሮምኛ ከሆነ ደግሞ ያንኑ ይጻፉ፤ ለመመቻቸት ሲባል አማርኛ ተብሎ የተጻፈ ብዙ አለ፣ ከዚያ ስብሰባ ላይ የሚመጣው አስተርጓሚ ለእናትየው አይሆናትም።

ጥያቄ፦ የእህቴ ልጅ 17 ዓመቱ ነው፣ ከአዲስ አበባ በቅርቡ መጣ። ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ ትንሽ ዲስትሪክት ነው ያለነው። ምዝገባ ላይ የነበረችው ሴት «ለእሱ የአዋቂዎች ትምህርት ይሻለዋል» አለችን። መብታችን ምንድነው? ለምንስ እንዲህ ይላሉ? (አክስት)

መልስ፦ ዋሽንግተን ውስጥ ልጁ ሃይስኩል ካልጨረሰ 21 ዓመት እስኪሞላው የመማር መብት አለው። የስደት ወረቀቱን ሁኔታ መነሻ አድርጎ መከልከልም አይቻልም፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1982 የወሰነው ነው። እንግዲህ በድጋሚ ሄደው «አይመዘገብም የሚለውን በጽሑፍ ይስጡኝ» ይበሉ። አብዛኛው ጊዜ እዚያው ያልቃል።

ለምን ይላሉ ላሉት፣ ሁሉም በክፋት አይደለም፤ ግን የስሌቱን ነገር ማወቅ ጥሩ ነው። የምረቃ መጠን የሚሰላው ዘጠነኛ ክፍልን በአንድ ዓመት የጀመሩትን ልጆች በመያዝ ነው፤ የገቡት ይደመራሉ፣ በማስረጃ የወጡት ይቀነሳሉ፣ በአራት ዓመት የተመረቁት በቀሪው ይካፈላሉ። በ17 ዓመቱ መጥቶ 11ኛ የገባና በሁለት ዓመት ያልጨረሰ ልጅ፣ በአምስተኛው ዓመት ዲፕሎማውን ቢወስድም፣ በአራት ዓመቱ ቁጥር እንዳልተመረቀ ይቆጠራል። በአንድ ዓመት ተመራቂዎች ስሌት ውስጥ 180 ልጅ ባለበት ሃይስኩል ዘጠኝ እንዲህ ያለ ልጅ አምስት ነጥብ ይወስዳል። ከ67 ፐርሰንት በታች የወረደ ሃይስኩል ደግሞ በ2015ቱ የፌዴራል ሕግ የልዩ ክትትል ዝርዝር ውስጥ ይገባል። ዋሽንግተን የአምስት ዓመትና ከዚያ በላይ የምረቃ መጠንም ያወጣል፤ አዲስ መጤ የበዛበትን ትምህርት ቤት ስታዩ በዚያኛው መዝኑት።

ልጁን በተመለከተ ዋናው ነገር ትራንስክሪፕት (የየዓመቱ ውጤት ማስረጃ) ነው። ዋሽንግተን ለመመረቅ 24 ክሬዲት ይፈልጋል፤ ዓመቱን ሙሉ የተማረው አንድ ትምህርት አንድ ክሬዲት ነው። ልጁ 9ኛና 10ኛን ጨርሶ ከመጣ ሒሳብ፣ እንግሊዝኛ፣ ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪ፣ ፊዚክስ፣ ታሪክና ጂኦግራፊ በየዓመቱ ተማረ ማለት ነው፤ ዲስትሪክቱ ከተቀበለው ከግማሽ በላይ መንገድ ሄዷል። ወረቀት ከሌለው ግን ዜሮ ክሬዲት ይዞ ዘጠነኛ ይገባል። አዲስ አበባ ያለ ሰው ትምህርት ቤቱ ድረስ ሄዶ ማኅተም ያረፈበትን የየዓመቱን ውጤት ያውጣ፤ ሪፖርት ካርዱ ቤት ካለ በፎቶ አሁኑኑ ይላክ። ካውንስለሩ የመጀመሪያውን ምደባ ከሠራ በኋላ የመጣ ወረቀትም ይሠራል፤ «ክሬዲቱ እንደገና ይገምገም» ማለት ነው። አማርኛውን ደግሞ አይተዉት፤ ዋሽንግተን በፈተና ብቻ እስከ አራት የውጭ ቋንቋ ክሬዲት ይሰጣል። ከ24ቱ አራቱን በአንድ ጠዋት መያዝ ቀላል ነገር አይደለም!

ወደ ሌላ ስቴት ስትዛወሩ ወይም ልጁ ወደ አገር ቤት ሲመለስ ለትምህርት ቤቱ በጽሑፍ አስታውቁ። አገር ለቆ ለወጣ ልጅ የወላጅ ወይም የአሳዳጊ ደብዳቤ ይበቃል። ዝም ብሎ የጠፋ ልጅ ትምህርት እንዳቋረጠ ነው የሚመዘገበው፤ ያ መዝገብ ልጁ ሲመለስም ይከተለዋል።

ጥያቄ፦ በሪፖርቱ ላይ 100 ፐርሰንት የትምህርት ቤታችን ልጆች የነጻ ምሳ ተጠቃሚ ይላል። ሁላችንም ድሃ ነን ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ድሮ የነጻ ምሳ ቁጥር የሚመጣው በፎርም ነበር፦ ገቢው ከፌዴራሉ የድህነት ወለል 130 ፐርሰንት በታች ከሆነ በነጻ፣ እስከ 185 ከሆነ በቅናሽ። አሁን ግን «በማኅበረሰብ ደረጃ ብቁ» በሚባለው አሠራር የገባ ትምህርት ቤት ያለ ፎርም ሁሉንም ያበላል። መግቢያው ከተማሪው 40 ፐርሰንት በምግብ ዕርዳታና በመሳሰለው በቀጥታ የተረጋገጠ መሆኑ ነበር፤ በ2023 ወደ 25 ወርዷል። ስለዚህ የዚህን ቁጥር የዛሬ አምስት ዓመቱን ከዘንድሮ ጋር አታወዳድሩት። «በቀጥታ የተረጋገጡ» የሚለውን ረድፍ ፈልጉ። ፎርም የሚሰጣችሁ ከሆነ ደግሞ ምሳው ነጻ ቢሆንም ሙሉት፤ ለአንዳንድ ተጨማሪ በጀትና ለፈተና ክፍያ ቅናሽ የሚታየው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄን ከስቴት ፈተና ባስቀረው ትምህርት ቤቱን ይጎዳል?

መልስ፦ ትምህርት ቤቱ ትንሽ ከሆነ፣ አዎ። የፌዴራሉ ሕግ 95 ፐርሰንት እንዲፈተን ይጠብቃል፤ ከዚያ ካነሰ የቀሩት እስከ 95 ፐርሰንቱ ድረስ በማካፈያው ውስጥ ይቆጠራሉ። ሃያ ልጅ ካለበት ክፍል አራቱ ቀርተው ከ16ቱ 12 ቢያልፉ 75 ፐርሰንት ይመስላል፤ ለተጠያቂነት ሲሰላ ግን 12ቱ ለ19 (ለሃያው 95 ፐርሰንት) ይካፈላል፣ 63 ይሆናል። እንግሊዝኛ ገና የሚማርና አሜሪካ ውስጥ ትምህርት ቤት በገባ በመጀመሪያዎቹ 12 ወራት ውስጥ ያለ ልጅ ግን ከንባብ ፈተናው አንድ ጊዜ እንዲቀር ስቴቱ ሊፈቅድለት ይችላል፤ ከሒሳቡ አይደለም።